እስክንድር ቦጎሲያን፦ የክታቡን መናፍስት ወደ ሸራ ያወጣ ሠዓሊ

በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አንድ ሠዓሊ ከአሥር ዓመት የባሕር ማዶ ኑሮ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን የገዛው ከሦስት ዓመታት በፊት ነበር። በትውልድ ከተማው ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀው ነበር። በሸራዎቹ ላይ ክንፋም ፍጡራን፣ አፍጥጠው የሚመለከቱ ዓይኖችና ስም ያልወጣላቸው መናፍስት በጨለማ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ፣ የዐድዋን ጦርነት በሰልፉ ለይቶ ማየት ለለመደ ተመልካች ነገሩ እንግዳ ነበር። ይህስ የኢትዮጵያ ሥዕል ነውን?

ከአዲስ አበባ እስከ ፓሪስ

እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ከተማዪቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር ነበረች። እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ፣ አባቱ ደግሞ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በኮሎኔልነት ያገለገሉ፣ የዘር ሐረጋቸው ከአርመን የሚመዘዝ መኮንን ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ በተዘጋጀ አገር አቀፍ ዐውደ ርእይ ሁለተኛ ሽልማት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት የትምህርት ዕድል ተሰጥቶት ወደ ለንደን ሄደ፤ በኋላም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመታት ያህል ኖረ፤ ተማረ፤ አስተማረም።

በዚያን ጊዜ ፓሪስ የአፍሪካና የካሪቢያን ምሁራን ስለ ጥቁር ሕዝብ ባህልና ነጻነት የሚከራከሩባት ከተማ ነበረች። የኩባዊው ዊፍሬዶ ላም እና የቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ ሥራዎች፣ የናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ በመናፍስት ጫካ ውስጥ የሚንከራተቱ ልብ ወለዶች የእስክንድርን ምናብ ቀሰቀሱት። የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ የሚል ትርጉም ያለውን ዝነኛ ሥራውን በ1964 የሠራው በዚህ መንፈስ ነው። ከዚያው ዓመት ሥራዎቹ አንዱን የኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1960ዎቹ አጋማሽ የስብስቡ አካል አደረገው።

የተጋጩ ምርጫዎች

እስክንድር ሲመለስ የአዲስ አበባ የሥዕል ዓለም በአንድ ዓይን የሚያይ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኖቹ፣ ኃጢአተኛውን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይኑ የሚስልበት ሥርዓት ገና ሕያው ነበር። በንግሥተ ሳባ ታሪክ ላይ የሚሠሩት፣ ታሪኩን በተከታታይ ሣጥኖች የሚተርኩት ሥዕሎችም ገበያ ነበራቸው። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስኮቶች የሠራው አፈወርቅ ተክሌ፣ ሰው አይቶ በሚረዳው ግዙፍ አሣሣል በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ወስዷል። በማግሥቱ ዓመት ያንኑ ሽልማት ያገኘው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአንጻሩ ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰ፣ ከምስል ይልቅ በቀለምና በቅርጽ የሚናገር ሠዓሊ ነበር። የገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ሥዕሎች ከአገር ባህል የራቁ ናቸው የሚል ብርቱ ነቀፋ ደርሶባቸዋል።

እስክንድር ከሁለቱም አልወገነም። ምስልን አልተወም፤ ምስሉ ግን በቀን ብርሃን የሚታየው ዓለም አልነበረም። ለነቀፋው የሰጠውም መልስ በሸራው ላይ ነበር። እንግዳ የተባሉት ዓይኖችና መናፍስት ከአውሮፓ ብቻ የመጡ ሳይሆኑ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ተሸሽገው የኖሩ ነበሩ።

ደብተራው በበግ ወይም በፍየል ብራና ላይ የሚጽፈው ክታብ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል። የክርስትና ስሙ ይጻፍበታል፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ የተጠላለፉ ሐረጎችና የሚያፈጡ ዓይኖች ይሳሉበታል። ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ ያጠመደበትን መረብ የሚያነሣ ጸሎትም ይሰፍርበታል። ከዚያ ተጠቅሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋል፤ ሕመምንና ክፉ መንፈስን እንዲያርቅ ይያዛል። ቤተ ክህነት በይፋ ባትቀበለውም ሕዝቡ አልተወውም። እስክንድር ይህን የተደበቀ ሥዕል ፈትቶ፣ ከፓሪስ ከቀሰመው ጋር አዋሕዶ ዘረጋው። በኋላም ብራናንና የዛፍ ልጥን ራሳቸውን የሥዕል ገበታ አደረጋቸው።

በአለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 ሲያስተምር፣ ይህ አስተሳሰብ በወጣቶቹ ዘንድ ሥር ሰደደ። ለምሳሌ ዘሪሁን የትምጌታ ክታብን የሚያስታውሱ ጠባብና ረጃጅም ሥራዎችን በመሥራት ታዋቂ ሆኗል። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ለእስክንድር ሲሰጥ፣ በአራት ዓመታት ውስጥ ፍጹም የማይመሳሰሉ ሦስት ሠዓሊያን በአንድ ሽልማት ተከበሩ ማለት ነው። የሽልማቱ ዳኝነት አንዱን መንገድ ብቻ ኢትዮጵያዊ ብሎ አልዘጋውም።

ስደትና የመጨረሻው ግድግዳ

የአዲስ አበባ ቆይታው አጭር ነበር። በ1970 ገደማ ወደ አሜሪካ አቀና፤ ከዚያው አሥር ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2001 በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ጨምሮ ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱ ወጣት ሠዓሊያን በእርሱ ዘንድ ተምረዋል። የፊደልና የክታብ ቅርጾች በኢትዮጵያውያን የስደት ጥበብ ውስጥ ጎልተው መታየታቸው በከፊል የእርሱ አሻራ ነው።

በ2001 ከሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግዙፍ የአሉሚኒየም የግድግዳ ሥራ አቀረበ። በዚያ ላይ የክርስትና፣ የእስልምና፣ የአይሁድና የአገር በቀል እምነቶች ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ዕፅዋትና እንስሳት ጎን ለጎን ተቀርጸዋል።

እስክንድር ቦጎሲያን በግንቦት 2003 በዋሽንግተን አረፈ። ከ37 ዓመታት በፊት ኢትዮጵያዊነቱ ያጠያየቀው የምስል ቋንቋ፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው በአገሩ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያ መግለጫ ሆኖ ቆሞ ነበር።