ለጉልበተኛ ያልተንበረከከችው እናት፦ አስማ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ)

 

አንድ ሕፃን ጉልበተኛ ልጅ አስለቅሶት ወደ ቤት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምክሮች አንዱን ይሰማል። አንዱ አንተም ምታው የሚል ነው። ሌላው ዝም በል፣ ቻለው የሚል ነው። የመጀመሪያው ልጁን ሌላ ጉልበተኛ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው አንገት ደፍቶ መኖርን ያስለምደዋል። ዛሬ ከሁለቱም የተለየ መንገድ የኖረችና ያንንም ለልጆቿ ያወረሰች አንዲት ሰሃቢያ እናስታውስ።

አስማ የአቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ) ልጅ፣ የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታላቅ እህት ናት። በአባት አንድ ቢሆኑም እናቶቻቸው ይለያያሉ። እስልምናን የተቀበለችው ሙስሊሞች በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ከእርሷ በፊት የሰለሙትን ወደ 17 ሰዎች ያደርሷቸዋል። በዚያ ዘመን የመካ ሹማምንት ጉልበታቸውን የሚያሳዩት ጎሳና ዘመድ በሌለው ሰው ላይ ነበር። ዘሩ ከሐበሻ የሆነው ቢላል (ረ.ዐ) በጋለ አሸዋ ላይ ተንጋሎ፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ሲሰቃይ ገዝቶ ነፃ ያወጣው የአስማ አባት ነው። ስለዚህ አስማ ድፍረትን በቃል ከመማሯ በፊት በቤቷ አይታዋለች። ድፍረት ማለት ለተጠቃ ሰው መቆም እንደሆነ ከአባቷ ተምራለች።

ከዚያ የሂጅራው ጊዜ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ 622 ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር ከመካ ወጥተው በሰውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ተሸሸጉ። አስማ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስንቅ አዘጋጀች፤ ስንቁንና የውኃ መያዣውን የምታስርበት ገመድ ስታጣ የወገቧን መቀነት ለሁለት ቀደደችው። ዛቱ ኒጣቀይን፣ የሁለት መቀነቶች ባለቤት የሚለውን ስም ያገኘችው በዚህ ነው።

ቁረይሾች ሁለቱን ማግኘት ሲያቅታቸው አቡ ጀህል ከተከታዮቹ ጋር የአቡበክርን በር አንኳኳ። የከፈተችለት አስማ ናት። አባቷ የት እንዳለ ጠየቃት። አልነገረችውም። የመካ ትልቅ ሰው በአንዲት ሴት ፊት ቃል አጣና እጁን አነሳ፤ የጆሮ ጌጧ እስኪወድቅ በጥፊ መታት። አስማ መልሳ አልተማታችም፤ ጉልበቷም አይበቃም ነበር። ግን ያን ቀን ማን አሸነፈ? አቡ ጀህል የመጣው ምስጢሩን ሊወስድ ነው፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጥፊው የሚያስታውሰን የእርሷን ውርደት አይደለም፣ የእርሱን ሽንፈት ነው።

ከደጁ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና ከውስጥ ጠበቃት። አይነ ስውር የሆነው አያቷ አቡ ቁሓፋ ልጁ ገንዘቡን ሁሉ ይዞ ቤተሰቡን ሜዳ ላይ ጥሎ እንደሄደ ተጨነቀ። በእርግጥም አቡበክር ያለውን ሁሉ ይዞ ወጥቶ ነበር። አስማ ጠጠሮች ሰብስባ ገንዘብ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አኖረች፣ በጨርቅ ሸፈነቻቸው፣ የአያቷንም እጅ ይዛ አስዳሰሰችው። ሽማግሌው ተረጋጋ። ያችው ለአቡ ጀህል ያልተበገረች ልጅ ለደካማ አያቷ ልቧ እንዲህ የሚራራ ነበር።

ወደ መዲና ስትሰደድ ቁባእ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ይህ ልጅ፣ ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይር፣ ከሂጅራ በኋላ በመዲና ለሙሃጂሮች የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ ነው። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሰደችው፤ ተምር አኝከው በአፉ አደረጉለት፣ ዱዓም አደረጉለት። ሙስሊሞች በደስታ ተክቢራ አሰሙ።

አባቱ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ደግሞ አገራችንን የሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ ነበር። ነጃሺ በዓባይ ማዶ ከተነሳበት ጠላት ጋር ሲዋጋ ስደተኞቹ የውጊያውን ወሬ የሚያመጣ ሰው ፈለጉ። በዕድሜ ትንሽ የነበረው ዙበይር ተነሳ፤ የተነፋ ስልቻ ከደረቱ ስር አድርጎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ።

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ቤት ግን የሀብታም ቤት አልነበረም። ዙበይር ከፈረሱና ውኃ ከሚጭንበት ግመል በቀር ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረውም። አስማ ፈረሱን ትቀልባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ሊጥ ታቦካለች። ዳቦ መጋገር ስለማትችልበት የአንሷር ጎረቤቶቿ ይጋግሩላት ነበር። የተምር ፍሬ በራሷ ተሸክማ ከሩቅ ማሳ ትመላለስ ነበር። ልጆቿ ያደጉት ይህን እያዩ ነው። ልጅ ጠንካራ ቃል ከመስማት ይልቅ ጠንካራ እናት ማየት ይበልጥ ያስተምረዋል።

ስለ ዐብደላህ ልጅነት ከተዘገቡት ታሪኮች አንዱ ይህ ነው። ከልጆች ጋር ሲጫወት አንድ ሰው መጥቶ ጮኸባቸው። ልጆቹ ተበተኑ። ዐብደላህ ግን ጀርባውን አልሰጠም፤ ፊቱን ወደ ሰውየው እንዳደረገ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጓደኞቹን ተጣራ። እርሱን አለቃ አድርገው አብረው እንዲገጥሙት ጠየቃቸው። አስተውሉ፣ ብቻውን ልጋፈጠው አላለም። የተበተኑትን ሰበሰበ። ጉልበተኛ የሚፈልገው ብቻውን የቀረ ልጅን ነው፤ ከጎኑ ሦስት ጓደኛ የቆመለትን ልጅ ግን ሁለቴ ያስብበታል።

ሌላው ታሪክ ይበልጥ የታወቀ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ አለፈ። የዑመር ግርማ ትልልቆችንም ያስደነግጥ ነበርና ልጆቹ ሮጡ። ዐብደላህ ቆሞ ቀረ። ዑመር ለምን ከጓደኞቹ ጋር እንዳልሮጠ ጠየቀው። ልጁ ጥፋት ስላልሠራ የሚፈራበት ምክንያት እንደሌለ፣ መንገዱም ስላልጠበበ ቦታ መልቀቅ እንዳላስፈለገው መለሰለት።

በዚህ መልስ ውስጥ ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም፣ ፉከራም የለም። ሁለት እውነቶች ብቻ አሉ። ለአንድ ሕፃን ልናስተምረው የሚገባው ድፍረት ይህን ይመስላል። አላጠፋሁም፣ እዚህ የመቆም መብት አለኝ ብሎ ማወቅ። ይህን በልቡ የያዘ ልጅ ድምፁን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልገውም።

ግን ታሪኩን ስንተርክ ብዙ ጊዜ ልጁን አድንቀን ዑመርን እንረሳዋለን። ዑመር አልመታውም፤ እንዴት እንዲህ ትመልስልኛለህ ብሎም አልተቆጣውም። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በመካ ደጃፍ ላይ አንድ ኃይለኛ ሰው ጠየቀ፣ መልሱ አልጣመውም፣ እጁን ሰነዘረ። በመዲና መንገድ ላይ ሌላ ኃይለኛ ሰው ጠየቀ፣ ከሕፃን አፍ ቀጥ ያለ መልስ ሰማ፣ ተቀበለውም። የአቡ ጀህል እጅ የመታው እናቱን ነው፤ ልጇ ግን እንዲህ ዓይነት እጅ በማይነሳበት ከተማ አደገ። እኛ ታናናሾቻችን እውነቱን ሲነግሩን ቤት ውስጥ በጥፊ ዝም እያሰኘናቸው፣ ውጭ ወጥተው ጉልበተኛን እንዲቋቋሙ እንዴት እንጠብቃለን? ቤት ውስጥ የተሰበረ ድምፅ ትምህርት ቤት ሲደርስ አይጠገንም።

ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ልጅ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው አባቱ ለበይዓ ወደ እርሳቸው ላከው። ወደ እርሳቸው ሲመጣ ባዩት ጊዜ ፈገግ አሉ፣ በይዓውንም ተቀበሉት። ልጅ ነህ ብለው አልመለሱትም።

በየርሙክ ዘመቻም ዙበይር ገና ልጅ የነበረውን ዐብደላህን በፈረስ አስቀምጦ ይዞት ሄደ፤ ሆኖም የሚጠብቀው ሰው መደበለት። አባትየው ልጁ ጀግና እንዲሆን ፈለገ፣ ጠባቂ ግን አላሳጣውም። ዛሬ የተጠቃ ልጅ ለመምህሩ ወይም ለወላጁ ሲናገር ፈሪ የሚሉት አሉ። ፈሪ አይደለም። የየርሙክ ዘማች ለልጁ ጠባቂ ከሰጠ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ታላቅ ወንድም ከጎኑ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ደግሞ እንዳንረሳ። ድፍረት ጥላቻ አይደለም። የአስማ እናት ቁተይላ ሙሽሪክ ሆና ልጇን ለመጠየቅ መዲና መጣች። አስማ እናቷን ልትቀበላት ይገባት እንደሆን ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች፤ ዝምድናዋን እንድትቀጥል ነገሯት። ከአቡ ጀህል ፊት ያልተንቀሳቀሰችው ሴት እምነቷን ያልተጋራች እናቷን በደግነት ተቀበለች። ጠላት የሆነብንን ከተለየን ሰው መለየት የማይችል ልጅ ደፋር አይባልም፤ ተናዳፊ ነው የሚባለው።

ዓመታት አለፉ። ዐብደላህ መካን ይዞ ወደ ዘጠኝ ዓመት ገዛ። በ73ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 692) ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ ከተማዋን ለወራት ከበባት። የዐብደላህ ሰዎች ከገዛ ልጆቹ ጭምር ጥለውት ወጡ። አይኗን ያጣችው አሮጊት እናቱ ዘንድ ገብቶ ምክር ጠየቃት። እርሷም ውሳኔውን ወደ ልቡ መለሰችው፦ በሐቅ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ከሆነ እንዲጸና፣ የፈለገው ዱንያን ከሆነ ግን ራሱንም ከእርሱ ጋር የሞቱትንም እንዳጠፋ ነገረችው። ከሞተ በኋላ በሬሳው ላይ ስለሚደረገው ሲሰጋ፣ ለሞተ ሰው ያ እንደማያመው አስረዳችው። ወጣ፣ ተዋግቶም ተገደለ። ሐጃጅ ሬሳውን ሰቀለው።

ከዚያም አስማን አስጠራት። አልሄደችም። በጸጉሯ አስጎትቶ እንደሚያስመጣት ዛተ። አሁንም አልሄደችም። በመጨረሻ ራሱ መጣ። ያ ጦር ያስከተለ ሰው መቶ ዓመት በተጠጋች አይነ ስውር ሴት ፊት ቆመና ልጇን ምን እንዳደረገው ሲጠይቃት፣ የልጇን ዱንያ እንዳበላሸበት፣ ልጇ ግን የእርሱን አኺራ እንዳበላሸበት ነገረችው። ከሰቂፍ ጎሳ ውሸታምና አጥፊ እንደሚወጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውን፣ አጥፊው እርሱ መሆኑንም ጨመረችለት። ሐጃጅ መልስ አላገኘም፤ ተነስቶ ሄደ። በወጣትነቷ የአንድ ጉልበተኛን ጥፊ የቀመሰች ሴት በእርጅናዋ ሌላውን ያለ ምንም ጉልበት ከደጇ መለሰችው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጌታዋ ሄደች፤ ከሙሃጂር ሴቶች የመጨረሻዋ ሟች እርሷ ናት ይባላል።

ሌላው ልጇ ዑርዋ ሰይፍ ያነሳ አይደለም፤ ከመዲና ሰባት ታላላቅ ፉቀሃእ አንዱ የሆነ ዓሊም ነው። እግሩ ሲቆረጥ ባሳየው ሶብር ይታወሳል። ከአንዲት እናት የወጡ ሁለት ልጆች፣ ሁለት ዓይነት ድፍረት። ስለዚህ ዝምተኛውን ታናሽህን እንደ ተፋላሚው ጎረቤት ልጅ ለምን አልሆንክም አትበለው።

ውድ እህትና ወንድሞች! በዚህ ጁሙዓ ሱረቱል ካህፍን ቀርተን ስንጨርስ ቤታችን ካለው ትንሽ ልጅ ጋር እንቀመጥ። የሚያስቸግረው ሰው እንዳለ በእርጋታ እንጠይቀው። ሲነግረን አናቋርጠው፣ አንሳቅበት፣ አንቆጣው። አለ ካለን ነገ ከእርሱ ጋር ትምህርት ቤት ሄደን መምህሩን እናነጋግር። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይን ዓይን እያየ፣ ሳይሳደብ፣ ተው፣ ይህን አልፈልግም ማለትን እናለማምደው። ሌላ ልጅ ሲጠቃ ካየም ዝም ብሎ እንዳያልፍ እንንገረው። ከዚያ ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ከእኛ ያነሰ ሰው እውነቱን ሲነግረን እጃችን የአቡ ጀህል ነው ወይስ የዑመር?

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ከበዳይም ከበዳይነትም ይጠብቅልን። ለተጠቃ የሚቆሙ ያድርጋቸው። አስማን፣ ዙበይርንና ልጆቻቸውን ይውደድልን። አሚን።

ለወላጆችና ለታላላቅ ወንድምና እህቶች ሼር ማድረግ አትርሱ።