ከመተማ ማዶ የመጣ ድምፅ፤ የዘፋኙ የመሐመድ ወርዲ ሕይወት

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብርሃ ጅራና በመተማ አካባቢ የሰነበተ ሰው እንደሚያውቀው፣ የሰሊጥ አጨዳ ወራት የሥራ ብቻ ሳይሆን የጨዋታም ወራት ነው። ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደርና ከሌላም አገር ለቀን ሥራ የወረደው ወጣት፣ ሰሊጡ ታጭዶና ታስሮ ቆሞ እስኪደርቅ ድረስ ከባለ እርሻው ጋር በአንድ ሜዳ ያድራል። ማታ ቡና ሲፈላ የዘፈን ነገር ይነሣል። አንዱ የአገሩን ዘፋኝ ስም ጠርቶ ያመሰግናል፤ ሌላው ከዚያ የሚበልጥ አለ ብሎ ይከራከራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ክርክሩን ትቶ፣ እስቲ ይህንን ስሙልኝ በማለት የያዘውን ይከፍታል። ቆላውን የለመደው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያሰማው ዘፈን ብዙውን ጊዜ ከወሰን ማዶ የመጣ ነው። ቃሉን አይተረጉምም፤ ዜማው ራሱ ይናገር ብሎ ዝም ይላል።

በዚህ አኳኋን ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፉ ከኖሩት የሱዳን ዘፋኞች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው መሐመድ ወርዲ ነው። ይህ ሰው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁ ግን በእኛም አገር አልሞተም። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

መሐመድ ወርዲ በጁላይ 19 ቀን 1932 በሰሜን ሱዳን፣ በዓባይ ዳር በምትገኘው በሰዋርዳ መንደር ተወለደ። ወገኑ ኑቢያዊ ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ፣ በኋላም አባቱ ስለ ሞቱበት ያደገው በአጎቱ እጅ ነበር። የኑቢያ ሕዝብ ከዐረብኛ የተለየ የራሱ ቋንቋና የራሱ ዘፈን ያለው ሕዝብ ነው፤ ዘፈኑን የሚያጅበውም ታንቡር የሚባል ባለ አምስት ክር መሣሪያ ነው። ታንቡርን ያየ ኢትዮጵያዊ የክራር ዘመድ መሆኑን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም። ወርዲም የዘፈንን ነገር የጀመረው በዚህ በታንቡር ነው። በኋላ ስሙ የገነነው በዐረብኛ ዘፈን ቢሆንም፣ በኑቢያ ቋንቋ መዝፈኑን እስከ መጨረሻው አልተወም።

ወርዲ በሸንዲ ከተማ የመምህርነት ትምህርት ተምሮ ወደ ወዲ ሐልፋ ተመለሰና ልጆች ያስተምር ጀመር። ቀን መምህር፣ ማታ ዘፋኝ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንድ የሱዳን ዘፋኝ በአገሩ ሁሉ ሊሰማ የሚችልበት ታላቅ በር የኦምዱርማን ራዲዮ ነበር። ይህ ራዲዮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940 የተቋቋመ ነው። የአድማጩም ጆሮ በእነ ሐሰን ዐጢያ፣ በእነ አሕመድ አል ሙስጠፋ፣ በእነ ዐብዱል ዐዚዝ ዳውድና በእነ ኢብራሂም ዐወድ ተይዞ ነበር። በ1957 መምህሩ ወርዲ ወደ ካርቱም መጥቶ በዚሁ ራዲዮ እንዲዘፍን ተፈቀደለት። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ከባለ ቅኔው ከኢስማዒል ሐሰን ጋር ተጣምሮ ያወጣቸው የፍቅር ዘፈኖች ስሙን በአጭር ጊዜ ከእነዚያ ከታወቁት ጋር አስጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ዐረብኛ የማያውቅ የአርማጭሆ ወይም የጎጃም ሰው ይህን ዘፈን ለምን ወደደው? መልሱ በቅኝቱ ላይ ይገኛል። የግብፅና የሶርያ ዘፈን በብዙ ዓይነት ቅኝትና በጣም በተቀራረቡ ድምፆች የሚሠራ ስለ ሆነ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው። የመካከለኛውና የሰሜኑ ሱዳን ዘፈን ግን እንደ ትዝታና እንደ ባቲ ሁሉ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የወርዲ መሰንቆ የሚመስል ቫዮሊንና አኮርዲዮን ሲነሣ፣ የእኛ ሰው የሚሰማው የባዕድ ዜማ ሳይሆን የዘመድ ዜማ ነው። ቃሉ ቢጠፋው እንኳ ዜማው ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ ያውቃል። የሱዳንም አድማጭ የእኛን ዘፋኞች ያለ አስተርጓሚ የሚወደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘፈኑን ያሻገሩት ሰዎችም ልዩ ልዩ ነበሩ። ከሁሉ አስቀድሞ ራዲዮ ነው፤ ማዕበሉን ኬላ አይመልሰውም። ከዚያም በመተማና በገላባት መካከል የሚመላለሱት ነጋዴዎችና ሾፌሮች ናቸው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ ጦርነትና ረኃብ ያሰደዳቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ አካባቢ ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከያዙት ጥቂት ዕቃ መካከል ካሴት ይገኝ ነበር። ስደት መራራ ነው፤ ነገር ግን ስደተኛው ባስጠጋው አገር የሰማውን መልካም ዘፈን ለጎረቤቱ ማሰማቱ፣ የበላበትን ቤት እንደ ማመስገን ይቈጠራል።

የወርዲ ሕይወት ግን የፍቅር ዘፈን ብቻ አልነበረም። ግብፅ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ልትሠራ ስትነሣ፣ ወዲ ሐልፋ በውኃ እንድትዋጥና ሕዝቧም አገሩን እንዲለቅ ተወሰነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን በመቃወም ኑቢያውያን ሰልፍ ሲወጡ ወርዲ አብሮ ወጣ፤ ታሰረም። ሕዝቡ ግን ከመነቀል አልዳነም። የተሰጠውም አዲስ ሰፈር በአትባራ ወንዝ ዳር በኸሽም አል ቂርባ ነበር። አትባራ ከእኛ አገር የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በላይኛው በኩል የመተማ ሰው ጓንግ እያለ የሚጠራው ይኸው ነው። የወርዲ ወገኖች ዓባይ አገራቸውን ሲወስድባቸው፣ የጎንደር ውኃ በሚወርድበት ዳር ተጠለሉ ማለት ነው።

በ1964 በኦክቶበር ወር የሱዳን ሕዝብ የጄኔራል ዐቡድን መንግሥት ባስወገደ ጊዜ፣ የዚያን ቀን ደስታ በዜማ ያኖረው ወርዲ ነው። ባለ ቅኔዎቹ መሐመድ አል ፈይቱሪና መሐመድ አል መኪ ኢብራሂም የደረሱትን ግጥም እርሱ አዜመው። የነፃነትን ቀን የሚያስታውሰው ዘፈኑም በየዓመቱ የሚደመጥ ሆነ። ሆኖም በፖለቲካ ነገር አልተሳሳተም አንልም። በ1969 ኮሎኔል ኒሜሪ ሥልጣን ሲይዝ ደስ ብሎት ዘፈነለት። በ1971 ኒሜሪን ለመገልበጥ የተሞከረው ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ግን ያው ያመሰገነው መንግሥት ወህኒ አገባው። ከዚህ በኋላ ዘፈኑ ከሹም ይልቅ ወደ ሕዝቡ አደላ። በ1985 ኒሜሪ ሲወድቅም የሕዝቡን ደስታ ደግሞ ዘፈነ።

በ1989 በሱዳን እንደ ገና ወታደሮች መንግሥት ሲገለብጡ ወርዲ አገሩን ለቆ ወጣ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል በግብፅና በአሜሪካ በስደት ኖረ። በዚህ የስደት ዘመኑ ነው እንግዲህ ኢትዮጵያ ድምፁን በቅርብ የሰማችው። በ1990 በጋምቤላ በኢታንግ የስደተኞች ሰፈር ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፈነ። የሰሜን ሰው ሆኖ፣ የሰሜኑ መንግሥት በሚወጋቸው ሰዎች መካከል መቆሙ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1994 ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ በስታዲየም ለብዙ ሕዝብ አቀነቀነ፤ ይህም ዝግጅት ተቀርጾ ታትሟል። በአገሩ መድረክ የተነፈገው ሰው በጎረቤት አገር መድረክ አገኘ። ስታዲየም ከገባው ኢትዮጵያዊ ብዙው ዐረብኛ የማያውቅ ነበር ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ዘፈኖቹን ያወቀው አንድ ጓደኛ ወይም አንድ ጎረቤት አስቀድሞ ስላሰማው ነው።

ወርዲ በ2002 ወደ ሱዳን ተመለሰ። በ2005 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የኩላሊት በሽታ ለብዙ ጊዜ አሠቃይቶት በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2012፣ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. በካርቱም ዐረፈ። ዕድሜው 79 ነበር። ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር፤ በኢታንግ የዘፈነላቸው ሰዎችና እርሱ የሁለት አገር ሰዎች ሆነው ተለያዩ።

ከሞተ በኋላ የሆነውን አለማየቱ መልካም ነው እንላለን። በ2023 በኤፕሪል ወር በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ ወርዲ በወጣትነቱ የገባበት የኦምዱርማን የራዲዮ ቤት በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገባ። የመንግሥቱ ጦር መልሶ የያዘው በ2024 በማርች ወር ነው። የብዙ ዘመን ዘፈን የተቀመጠበት ቤት የጦር ሜዳ ሆኖ ሰነበተ። ከጦርነቱ የሸሹ ብዙ ሱዳናውያንም ቀድሞ የእኛ ስደተኞች በሄዱበት መንገድ፣ በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ።

መተማ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1889 የቆሰሉበት ምድር ነው። በዚያ ድንበር ከዚያም ወዲህ ስለ እርሻና ስለ ከብት ደም መፍሰሱ አልቀረም። ዘፈን ይህን ሁሉ ያስቀራል ብለን አንጽፍም፤ አላስቀረምና። ነገር ግን አንድ ነገር እናምናለን። የጎረቤቱን ዘፋኝ ስም የሚያውቅ፣ ዜማውንም ለጓደኛው ያሰማ ሰው፣ ያንን ጎረቤት ፈጽሞ እንደ ባዕድ ሊያይ አይችልም። የቤቱ ቅጂ ቢቃጠል እንኳ በአብርሃ ጅራ የሰሊጥ እርሻ ላይ አንዱ ለሌላው ያሰማው ዘፈን አይቃጠልም።

ስለዚህ በመጪው የአጨዳ ወራት ከወሰን ማዶ የመጣ እንግዳ በቡናው ዙሪያ ቢገኝ፣ አስቀድሞ ስለ መጣበት ምክንያት ባይጠየቅ ደስ ይለናል። ስለሚወደው ዘፋኝ ይጠየቅ፤ እኛም በተራችን የእኛን እናሰማው። የወርዲ ስም ከተነሣም ጨዋታው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ አይመስለንም።