ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዘመናቸው ዝናብ ምስክሮች

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር በኮልፌ ቀራንዮ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ለሚመለከት ሰው የወጨጫ ተራራ ከፊቱ ተገትሮ ይታያል። በዚሁ ተራራ ተረተር ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ደኑን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። እኒህ ንጉሥ የሚታወቁት በመጻሕፍታቸውና በአገዛዛቸው ጽናት ነው። ይሁን እንጂ የጥንቱን ዘመን የአየር ጠባይ ለሚመረምር ሰው ሳያስቡት ሌላ ቅርስ ትተውለታል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዐፄ ዳዊትና ከንግሥት እግዚእ ክብራ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ተወለዱ። በዚያን ጊዜ የነጋሢ ልጆች ለሥልጣን እንዳይሻሙ በግሸን አምባ ይጠበቁ ስለ ነበር፥ እርሳቸውም ከአምባው ወርደው በ1426 ዓ.ም. ነገሡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ አክሱም ሄደው እንደ ጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ። ለሃይማኖት ጉዳይ እጅግ ቀናዒ፥ በቅጣታቸውም ከባድ ነበሩ። መጽሐፈ ብርሃንና ጦማረ ትስብእት የተባሉት መጻሕፍት በስማቸው ይታወቃሉ።

በነገሡ በ10ኛው ዓመት ገደማ በግብፅ አንድ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በሰሙ ጊዜ ለሡልጣን ጀቅመቅ የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ፤ የዓባይም ውሃ ከአገራቸው እንደሚወርድ አሳሰቧቸው። በእርግጥም ከዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ይመነጫል። ስለዚህ በካይሮ በሮዳ ደሴት ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተመዘገበው የወንዙ ከፍታ ለኢትዮጵያ ክረምትም መዝገብ ነው። ክረምቱ ሲሠምር ወንዙ ይሞላል፤ ሲነጥፍም ይጎድላል።

ንጉሡ በኋላ በሰማይ ብርሃን የታየበትን ስፍራ ደብረ ብርሃን ብለው ሰይመው ከተማቸው አደረጉት። አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ብርሃኑ በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታሉ። እንዲህ ሲሆን የጽሑፍ ቃልና የተፈጥሮ ምልክት እርስ በርስ ይመሳከራሉ።

ዜና መዋዕላቸው ስለ ሹመትና ሽረት፥ ስለ ሃይማኖትና ስለ ጦርነት በሰፊው ይተርካል፤ የየዓመቱን ዝናብ መጠን ግን አልመዘገበም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሚያስችሉት አንዱ ዛፍ ነው። እንደሚነገረው ንጉሡ የወጨጫ ተራራ ተራቁቶ ስላዩ፥ በአንኮበር አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ጥድ ዝናብ ባገኘበት ዓመት በግንዱ ውስጥ ሰፊ ቀለበት ይሠራል፤ በድርቅ ዓመት ቀለበቱ ይጠባል። ተመራማሪዎች ዛፉን ሳይቆርጡ በቀጭን መሰርሰሪያ ናሙና ወስደው ቀለበቶቹን ይቆጥራሉ፤ ይለካሉም። በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት ደጋ ዛፉ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊሠራ ስለሚችል ቆጠራው ጥንቃቄን ይጠይቃል። ዛሬ የቆሙት ዛፎች ሁሉ በንጉሡ ዘመን የተተከሉ ናቸው ማለትም አይደለም፤ የአፍ ታሪኩ ራሱ በዚሁ ዘዴ ሊመረመር ይችላል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ 34 ዓመት ገዝተው በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ የሚገኘው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። የዚያ ሐይቅ ወለልም ሌላ መዝገብ ነው፤ ከሥሩ የወጣው የደለል ድርብርብ ጣና ከ15,000 ዓመት በፊት በነበረ ዘመን ደርቆ እንደ ነበር አሳይቷል።

እንግዲህ የጥንቱን ዘመን የሚያስረዳው ብራና ብቻ አይደለም፤ ወንዝ፥ ደለልና ዛፍም ይመሰክራሉ። ብራና ቢጠፋ ቅጂው በሌላ ገዳም ሊገኝ ይችላል። ተቆርጦ የተማገደ የዕድሜ ባለጸጋ ጥድ ግን ቅጂ የለውም።