ሊዮኔል ኮናቸር፦ ከትምህርት ቤት ሜዳ የተነሣው ስፖርተኛ

ላክሮስ የሚባለውን ጨዋታ ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የፈጠሩት ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ትንሽ ኳስ እየቀለቡና እየተቀባበሉ ጎል ያገባሉ። በዚህ ጨዋታ ስማቸው ከሚነሣው ካናዳውያን አንዱ ሊዮኔል ኮናቸር ነው።

ኮናቸር በ1900 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቶሮንቶ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በቤቱ 10 ልጆች ነበሩ። የትምህርት ቤታቸው ርዕሰ መምህር፣ በጨዋታ የተጠመደ ልጅ ለጥፋት ጊዜ አያገኝም ብሎ ያምን ስለነበረ ሁሉንም ለስፖርት ያበረታታ ነበር። ይሁን እንጂ ችግር በረታና ሊዮኔል 8ኛ ክፍልን እንደጨረሰ ታናናሾቹን ለመርዳት ሥራ ገባ። በቀን 10 ሰዓት፣ ሣር ከነአፈሩ ማመላለስ ነበር ሥራው።

ሜዳውን ግን አልተወም። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ውድ ስለነበረ መንሸራተት የተማረው ገና በ16 ዓመቱ ነው። በ1922 አንድ ቀን ለከተማው የቤዝቦል ዋንጫ ተጫውቶ ቡድኑን ካሸነፈለት በኋላ፣ ሳያርፍ ወደ ላክሮስ ፍጻሜ ገሠገሠ። ሲደርስ ቡድኑ 3 ለ0 እየተመራ ነው። እሱ 4 ጎል አግብቶ፣ አንድም አመቻችቶ ድሉን ገለበጠው!

ዝናው ያቋረጠውን ትምህርት መለሰለት። በ1923 ወደ አሜሪካ ሄዶ በፔንሲልቬንያ ቤልፎንት አካዳሚ ገባ፤ ቀጥሎም በፒትስበርግ ዱኬይን ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በኋላም በበረዶ ሆኪ በ1934 እና በ1935 ከሁለት ቡድኖች ጋር የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። በ1937 ለኦንታርዮ ምክር ቤት፣ በ1949 ደግሞ ለአገሪቱ ፓርላማ ተመረጠ። በ1950 የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ምርጥ የካናዳ ወንድ ስፖርተኛ ተባለ።

አሟሟቱም ከሜዳ አልራቀም። ግንቦት 26 ቀን 1954 በኦታዋ የፓርላማ አባላትና ጋዜጠኞች የሶፍትቦል ግጥሚያ ያደርጉ ነበር። ኮናቸር ኳሷን አርቆ መትቶ እየሮጠ ሦስተኛው ምልክት ላይ እንደደረሰ ወደቀ፤ በዚያው አረፈ።

እኛ ነገ ክፍል የምንረከብ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ስፖርት ሰዓት ሲተርፍ የሚሰጥ ትርፍ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ጎበዙ ተማሪ ድንገት ከክፍል ቢቀር ሰነፈ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ቤቱ ምን እንዳለ እንጠይቅ።