የክረምቱ ጎማና የቻርልስ ጉድይር ዕዳ

ባለፈው ሰኔ አጋማሽ ነው፡፡ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ከጃክሮስ ወደ ገርጂ እየመጣሁ ሳለ ዝናብ ጀመረ፡፡ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ቀጥ አለ፡፡ ፍሬን ያዝኩ፡፡ መኪናዋ ግን ፍሬኑን ከቁብ ሳትቆጥር እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተችና ታክሲውን ልትነካ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች፡፡ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ፡፡ ምንም እንዳልተፈጠረ ነገርኳት፡፡ እጄ ግን መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፡፡

ያስደነገጠኝ መንሸራተቷ ብቻ አልነበረም፡፡ አራቱንም ጎማዎች ያስቀየርኩት ከአራት ቀናት በፊት ነው፤ ያውም ክረምቱ ሳይገባ ብዬ፡፡

መኪናዋ ከአውሮፓ የመጣች ያገለገለች ቶዮታ ያሪስ ናት፡፡ ስገዛት ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከነቸርኬያቸው አራት ትርፍ ጎማዎች ነበሩ፡፡ ሻጩ የክረምት ጎማዎች መሆናቸውን ነግሮ በምርቃት ሰጠኝ፡፡ ጥርሳቸው አልተበላም፤ ጎናቸው ላይ ደግሞ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ተስሏል፡፡ የክረምት ጎማ ሲባል ለእኛ ሰኔና ሐምሌ የተሠራ መስሎኝ በጣም ደስ አለኝ፡፡ የነበሩት እስኪያልቁ ድረስ ሦስት ዓመት ያህል ደረጃ ሥር አስቀመጥኳቸው፡፡ ዘንድሮ አውጥቼ አስገጠምኩ፡፡ የአዲስ ጎማ ዋጋ ተረፈልኝ ብዬም ለባለቤቴ ጉራዬን ነዛሁ፡፡

በማግስቱ ገርጂ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ እያለ ወደሚጠራቸው አንድ አዛውንት ጎሚስታ ሄድኩ፡፡ ክሪኩን አስገብተው፣ ዳዶዎቹን ፈትተው አንዱን ጎማ አወረዱና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተጫኑት፡፡ ጥፍራቸው አልገባም፡፡ ከዚያ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አራት አሃዞች አሳዩኝ፤ 1210 ይላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፡፡ ጥርሱ ሳይነካ እንዴት አረጀ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ጎማ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ጭምር እንደሆነ፣ ፀሐይም ሙቀትም ብርድም ጠላቶቹ እንደሆኑ አስረዱኝ፡፡ ክረምት የተባለውም የእኛ ክረምት አይደለም፡፡ በስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ መንገዱ በረዶ በያዘ ጊዜ በሕግ ተገደው የሚያስገጥሙት የበረዶ ጎማ ነው፡፡ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሆነ ብርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ ይቀመማል፤ ጥርሱም ላይ ምላጭ የነካው የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፡፡ አዲስ አበባን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቢነካት እንጂ ቀን ላይ እዚያ አትደርስም፡፡ አዲስ ሆኖ ቢመጣ እንኳ እዚህ ቶሎ ይበላል፤ አርጅቶ ሲመጣ ደግሞ የእኔ ዓይነቱ ድንጋይ ይሆናል፡፡

ያን ምሽት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ጎማ ማንበብ ጀመርኩ፡፡ ብርድ የሚያደርቀውን፣ ሙቀት የሚያቀልጠውን ጎማ የገራው ሰው ስም በየመንገዱ የማየው ስም ሆኖ አገኘሁት፤ ቻርልስ ጉድይር፡፡

በከተማችን ጉድይር የሚለውን ስም የማያውቅ አሽከርካሪ ያለ አይመስለኝም፡፡ ብዙዎቻችን ግን የአንድ ፋብሪካ ባለቤት ስም ይመስለናል፡፡ ሰውየው ፋብሪካውን አልመሠረተም፤ አንድም የመኪና ጎማ አልሠራም፤ መኪና የሚባል ነገርም ሳያይ ነው የሞተው፡፡ ስሙ በእንግሊዝኛ መልካም ዓመት ማለት ነው፡፡ ሕይወቱን ላነበበ ግን በአማርኛ ጉድ የሚለው ይበልጥ ይስማማዋል፡፡

ጉድይር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1800 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ኒውሄቨን ከተማ ተወለደ፡፡ አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ ሠሪና ነጋዴ ነበሩ፡፡ እሱም የአባቱን ሙያ ተከትሎ፣ በ1824 ክላሪሳ ቢቸርን አግብቶ፣ በፊላደልፊያ ሱቅ ከፈተ፡፡ ብዙም አልቆየ፤ በ1830 ገደማ ንግዱ ከሰረ፡፡ በዚያ ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ይታሰር ነበርና ጉድይር ከእስር ቤት ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው፡፡

በ1834 ኒውዮርክ ውስጥ የአንድ ጎማ አምራች ኩባንያ ሱቅ ገብቶ፣ ሰው ውኃ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚያንሳፍፍ የጎማ ዕቃ ገዛ፡፡ የአየር ማስገቢያውን አሻሽሎ ሊሸጥላቸው ሲመለስ ግን የሱቁ ኃላፊ ምስጢሩን ነገረው፡፡ ችግሩ የአየር ማስገቢያው ሳይሆን ጎማው ራሱ ነው፡፡ ከዛፍ የሚገኘው ጥሬ ጎማ ክረምት ሲመጣ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ በጋ ሲመጣ ቀልጦ ይጣበቃል፣ ይሸታልም፡፡ ደንበኞች የገዙትን ጫማና ካፖርት እየመለሱ ኩባንያው ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፡፡

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ንግድ ይሸሽ ነበር፡፡ ጉድይር ግን ጎማን ከወቅቶች መፈራረቅ የማዳን ሥራ ለእሱ የተሰጠ አድርጎ ወሰደው፡፡ ፊላደልፊያ ሲመለስ በዕዳ እንደገና ታሰረ፤ የመጀመሪያውን ሙከራም እዚያው እስር ቤት ውስጥ ጥሬ ጎማና የባለቤቱን የሊጥ መዳመጫ አስመጥቶ ጀመረ፡፡ የተማረው ኬሚስትሪ አልነበረም፡፡ ያገኘውን ሁሉ ከጎማ ጋር ማሸት፣ መቀቀል፣ ማድረቅ ነበር ዘዴው፡፡ ማግኒዥያ ጨመረበት፤ ጥሩ መስሎ ነበር፣ በጋ ሲመጣ ቀለጠ፡፡ በናይትሪክ አሲድ አጠበው፤ ላዩ ደረቀ፣ ውስጡ አልተለወጠም፡፡ በዚህኛው ዘዴ የሚረዳው ሰው አግኝቶ ነበር፤ በ1837 በአሜሪካ የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ግን ሰውየውንም እሱንም አከሰራቸው፡፡ ቀጥሎ ከመንግሥት 150 የፖስታ ከረጢቶች እንዲሠራ ታዘዘ፡፡ ሠርቶ ሞቃት ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው፡፡ ሲመለስ ቀልጠው አገኛቸው፡፡

ራሱን ማስታወቂያ አድርጎ ከራስ እስከ እግሩ ጎማ ይለብስ ነበር፡፡ ጉድይርን ለመለየት የጎማ ኮፍያ፣ የጎማ ካፖርትና የጎማ ጫማ የለበሰ፣ በኪሱም ሳንቲም የሌለበት የጎማ ቦርሳ የያዘ ሰው መፈለግ በቂ ነው ተብሎ ይቀለድበት እንደነበር ይነገራል፡፡

ለውጡ የመጣው በማሳቹሴትስ ግዛት ዉበርን በምትባል ከተማ ነው፡፡ እዚያ ናትናኤል ሄይዋርድ የሚባል ሰው ጎማን ከድኝ ጋር ይቀላቅል ነበርና ጉድይር መብቱን ገዛው፡፡ በ1839 ክረምት ላይ ድኝ የተቀላቀለበት ቁራጭ ጎማ የጋለ ምድጃ ላይ ወደቀ፡፡ ይቀልጣል ሲባል እንደ ቆዳ ሆኖ ጠነከረ፡፡ ጉድይር ቁራጩን ወስዶ ውጭ ብርድ ላይ አቆየው፤ አልደረቀም፡፡ ሰዎች ይህንን ዕድል ይሉታል፡፡ እኔ ግን ከአምስት ዓመት ልፋት በኋላ የመጣን ነገር ዕድል ማለት ይከብደኛል፡፡ ያ ቁራጭ ጎማ ሌላ ሰው ምድጃ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ተጠርጎ ይጣል ነበር፡፡

ምስጢሩ ዛሬ ይታወቃል፡፡ ጥሬ ጎማ እርስ በርሱ እንዳልተያያዘ ልቃቂት ነው፡፡ ክሩ ሁሉ ለየብቻው ይንሸራተታል፡፡ ድኙ ሙቀት ሲያገኝ በክሮቹ መካከል ገብቶ ድልድይ ይሠራል፤ ልቃቂቱ ድርና ማግ ኖሮት እንደ ተሸመነ ጋቢ ይሆናል፡፡ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል፡፡ እንግሊዞች በኋላ ከሮማውያን የእሳት አምላክ ስም ወስደው ቨልካናይዜሽን አሉት፡፡

ምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት የሚለውን ለማወቅ ግን ሌሎች ዓመታት አለፉ፡፡ የቤተሰቡ መከራ የበረታው በእነዚህ ዓመታት ነው፡፡ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት የቤት ዕቃው ቀርቶ የልጆቹን የትምህርት መጻሕፍት እስከ መሸጥ ደርሷል፡፡ ቤተሰቡ ጎረቤት የሚሰጠውን ይበላ ነበር፡፡ ክላሪሳ እንጀራ ስትጋግርበት የምትውለው ምድጃ ቢኖራት ኖሮ እሱንም ለጎማ ይወስድባት ነበር ማለት ይቻላል፤ የዳቦ መጋገሪያዋ ዋና የሙከራ ቦታው ነበርና፡፡ ከልጆቹ ስድስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፡፡

በመጨረሻ 130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ እንፋሎት ለሰዓታት ማቆየት እንደሚበጅ ደረሰበት፡፡ ጁን 15 ቀን 1844 በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ቁጥሩ 3633 ነው፡፡ በእንግሊዝ ግን ቶማስ ሃንኮክ የተባለው አምራች የጉድይርን ናሙና መርምሮ ቀደመው፤ ጉድይር ተከራክሮ ተረታ፡፡ አሜሪካ ውስጥም ፈጠራውን የሚሰርቁት በዙ፡፡ በ1852 ስመ ጥሩ ጠበቃና ፖለቲከኛ ዳንኤል ዌብስተር ቆመውለት ትልቁን ክርክር ረታ፡፡ የጠበቃው ክፍያ 15 ሺሕ ዶላር ነበር፡፡ ጉድይር ሌሎች እንዲያመርቱ ፈቃዱን በርካሽ ይሰጥ ስለነበር በፈጠራው የበለፀጉት ሌሎች ናቸው፡፡ የእኛ ሰው ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የሚለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው፡፡

በ1851 ለንደን ላይ፣ በ1855 ደግሞ ፓሪስ ላይ በተካሄዱት ታላላቅ ኤግዚቢሽኖች ከወለል እስከ ጣሪያ በጎማ የተሠሩ ክፍሎችን አሳየ፤ ለዚህም ተበድሮ ብዙ ሺሕ ዶላር አወጣ፡፡ ክላሪሳ የድካሙን ፍሬ ሳታይ በ1853 ለንደን ውስጥ አረፈች፡፡ እኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም በነገሡበት በዚያው በ1855 መጨረሻ ጉድይር ፓሪስ ውስጥ በዕዳ ታሰረ፡፡ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሳልሳዊ ናፖሊዮን የሸለሙት የክብር ሌጂዮን ኒሻን የደረሰው እስር ቤት ሳለ ነው፡፡ ከአምስት ዓመት በኋላ ልጁ በጠና መታመሟን ሰምቶ ሊያያት ተነሣ፡፡ ኒውዮርክ ሲደርስ ግን መሞቷን አረዱት፡፡ እሱም እዚያው ታሞ ጁላይ 1 ቀን 1860 አረፈ፡፡ የተወው ዕዳ 200 ሺሕ ዶላር ያህል ነበር፡፡

የቀረውን ታሪክ ሌሎች ጨረሱት፡፡ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በ1888 በአየር የሚነፋ ጎማ ፈጠራ መብት አገኘ፡፡ ፍራንክ ሳይበርሊንግ በ1898 ኦሃዮ ውስጥ ፋብሪካ ከፍቶ ለክብሩ ብሎ በጉድይር ስም ሰየመው፤ ቤተሰቡ ከኩባንያው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፡፡ በእኛም አገር በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና ተቀበሉ፡፡ ጎማና ቸርኬ፣ ካላማዳሪና ስኮርታ የሚሉትን ስሞች ደግሞ ከጣሊያንኛ ወርሰን ይኸው እስከ ዛሬ እንጠራቸዋለን፡፡

ይህንን ሁሉ ሳነብ ለጉድይር አድናቆትም ቅሬታም ተሰማኝ፡፡ ልጆቹን ለጎማ ብሎ ያስራበ አባት ነው፤ ይህንን ማለፍ አልችልም፡፡ ግን እኔስ? እሱ በክረምት የማይደርቅ፣ በበጋ የማይቀልጥ ጎማ ለዓለም ለመስጠት ቤተሰቡን ዋጋ አስከፈለ፡፡ እኔ ደግሞ ጥቂት ሺሕ ብር ለማትረፍ ብዬ ዕድሜው አልፎ የደረቀ ጎማ ላይ ልጄን አስቀመጥኳት፡፡ እሱ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፡፡ እኔ ጎኑ ላይ የተጻፈውን እንኳ አላነበብኩም፡፡

አሮጌዎቹን ጎማዎች ጋሼ ተረከቡኝ፡፡ መኪና ላይ ሁለተኛ እንዳይወጡ አስምዬ ነው የሰጠኋቸው፤ በረባሶ ለሚሠሩ እንደሚሰጧቸው ነገሩኝ፡፡ አዲሶቹን ካስገጠሙልኝና ባላንሱን ከሠሩልኝ በኋላ ልጄ አጎንብሳ በጎናቸው ላይ አራቱን አሃዞች ፈልጋ አነበበችልኝ፡፡ እርስዎም ዛሬ ከሥራ ሲወጡ አንዴ ጎንበስ ይበሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱ ናቸው፡፡ ቸር እንሰንብት፡፡