ቢቱን ያልሸጠው ሰው

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከጫካው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። እዚያ ውሃው ራሱ ይወጣል። ምንጭ ያልደረሰው የጋሞ ቀበሌ ግን ሪግ የጫነ መኪና መጠበቅ አለበት። ሪጉ ሲመጣ ሁላችንም ዓይናችን የሚያርፈው ማማው ላይና የሚረጨው ጭቃ ላይ ነው። ከዘንጉ ጫፍ የሚገጠመውን ቢት ማንም ልብ አይለውም። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ዓይነት ሦስት ጥርሳም ኮኖች አሉት፤ እየተሽከረከሩ ድንጋዩን ይፈጩታል።

የዚህ ቢት ታሪክ የሚጀምረው ከሀዋርድ ሂዩዝ ነው። ዲካፕሪዮ «ዘ አቪዬተር» ላይ የተወነው ቢሊየነር አይደለም፣ አባቱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትን የውጭ ዓመቶች እ.ኤ.አ. አድርጋችሁ ያዙልኝ።)

ሰውየው በ1869 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ስለነበሩ እሱም ሕግ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሃርቫርድ ገባ፣ አልጨረሰም። ከዛ በማዕድን ፍለጋ ብር፣ ዚንክ፣ እርሳስ እያለ ከቦታ ቦታ ዞረ። በ1901 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ የሚባለው ቦታ ነዳጅ ሲፈነዳ እሱም ወደዚያው ሮጠ። አንዴ ያገኛል፣ አንዴ ባዶ እጁን ይቀራል። እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ ሕይወቱ በቃ እንዲህ ነበር።

ጉዞውን የገታው ድንጋይ ነው። የዛን ጊዜ ቢት የዓሣ ጭራ ይመስል ነበር፤ አፈሩን ይፍቃል። ለስላሳ መሬት ላይ ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ድንጋይ ሲያገኝ ግን ይደንዛል። ነዳጁ ከሥር እንዳለ እየታወቀ ጉድጓዱ ተትቶ ይኬዳል። ሂዩዝና ሸሪኩ ዋልተር ሻርፕም በዚህ ምክንያት ጉድጓድ ጥለው ሄደዋል።

መፍትሔው ከየት መጣ የሚለው ላይ ወሬው ይለያያል። ግራንቪል ሁማሰን የሚባል ሰው ሐሳቡ የመጣልኝ ከቡና መፍጫ ነው፣ ለሂዩዝም መጠጥ ቤት ውስጥ በ150 ዶላር ሸጥኩለት ብሎ ተናግሯል ይባላል። እውነት ከሆነ በታሪክ ውስጥ ከታዩት ርካሽ ሽያጮች አንዱ ነው። የፓተንቱ ወረቀት ላይ ያለው ግን የሂዩዝ ስም ነው፤ ነሐሴ 1909 ተሰጠው። ቢቱ ሁለት ኮኖችና 166 የመቁረጫ ጠርዞች ነበሩት፤ በመፋቅ ፋንታ በክብደት እየተጫነ ይሰብራል። በዚያው ዓመት ጉዝ ክሪክ ላይ ሲሞከር ሌላው መሣሪያ ያቃተውን ድንጋይ በ11 ሰዓት 14 ጫማ፣ ማለትም ከአራት ሜትር በላይ፣ ወረደ።

እኔን እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሂዩዝ ቢቱን አልሸጠም፤ አከራየው። የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን አንዴ ይቀበላል፣ ከዛ ገዢው ቢቱን ፈታቶ ቢያየው፣ አስመስሎ ቢሠራው ምን ያደርገዋል? የሚያከራይ ግን ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር ይከፈለዋል፣ ያለቀው ቢትም ወደ እጁ ይመለሳል። ነዳጅ ፈላጊው ቢከስርም ባይከስርም ኪራዩ ኪራይ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሲቆፍር የከሰረ ሰው ኪሳራው ማን ላይ እንደሚወድቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በፓተንት የተጠበቀ ሞኖፖል ነበርና ሌላው ቆፋሪ ምርጫ አልነበረውም፤ ይህን ብልጠት ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ሻርፕ በ1912 ሞተ። ኩባንያው ውሎ አድሮ ሂዩዝ ቱል ተባለ። ሂዩዝ ገንዘብ ማውጣትም ይወድ ነበር፤ ሀብቱ የማያልቅ ይመስል ነበር የኖረው። ጥር 1924 ሂዩስተን ውስጥ ስብሰባ ላይ እያለ ልቡ ቆመ። 54 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ከሁለት ዓመት በፊት ስለሞተች ሦስት አራተኛው ድርሻ ለ18 ዓመት ልጁ ወረደ። ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሦስት ኮን ቢት የኩባንያው መሐንዲሶች የሠሩት በ1930ዎቹ፣ እሱ ካለፈ በኋላ ነው።

ልጁ ቢት ላይ ብዙም ትኩረት አልነበረውም። የኪራዩን ገንዘብ ፊልም ላይ፣ አውሮፕላን ላይ አፈሰሰው፤ በ1939 ደግሞ ቲደብሊውኤ የተባለውን አየር መንገድ በእጁ አስገባ። በእኛ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም ውል ተዋውሎ ያደራጀውና አብራሪና ቴክኒሻን የላከው ይኸው ቲደብሊውኤ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የሚበረው አየር መንገድ ማለት ነው።