በማጎሪያ ካምፕ የበቀለው ፖም

በደቡብ ጀርመን ባቫሪያ ግዛት ባሉ የፍራፍሬ አምራቾች ዘንድ አባ ኮርቢኒያን አይግነር የሚታወቁት “የፖም ቄስ” በሚል መጠሪያ ነው። ካህኑ ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም፣ በእስር ላይ ሳሉ ያበቀሉት የፖም ወይም የአፕል ዝርያ ዛሬም በገበሬዎች ጓሮ ፍሬ ይሰጣል።

አባ ኮርቢኒያን እ.ኤ.አ. በ1885 ሆኸንፖልዲንግ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ከ11 ልጆች የመጀመሪያው በመሆናቸው የአባታቸውን እርሻ መውረስ ይገባቸው ነበር። እሳቸው ግን ርስቱን ለታናናሾቻቸው ትተው የክህነት ትምህርት ገቡ፤ በ1911ም ቅስና ተቀበሉ። ከእርሻው ቢርቁም ከፍራፍሬ ዛፍ አልተለዩም። በየአጥቢያው ያሉ ገበሬዎችን በፍራፍሬ ልማት ማኅበር እያሰባሰቡ ስለ ዛፍ ተከላና አያያዝ ያስተምሩ ነበር።

በዚያ ላይ በየማሳው የሚያገኟቸውን የፖምና የፒር ዝርያዎች ፍሬ፣ መልኩንና ቅርጹን ሳይለውጡ በፖስታ ካርድ መጠን ባለው ወረቀት ላይ በቀለም መሳል ጀመሩ። ለአሥርተ ዓመታት የሣሏቸው ሥዕሎች ወደ 900 ይደርሳሉ።

የናዚ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ግን ካህኑ ተቃውሟቸውን አልደበቁም። በ1939 ኅዳር ወር በሂትለር ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ለተማሪዎች ሃይማኖት ሲያስተምሩ ስለ ሙከራው በተናገሩት ምክንያት ተከሰው ታሰሩ። ወደ ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ፤ በ1941 ደግሞ ሙኒክ አቅራቢያ ወዳለው ዳካው ካምፕ ተዛወሩ።

በዳካው በግብርና ሥራ ላይ በግዳጅ ተሰማሩ። በዚህ መካከል በእስረኞች ማደሪያዎች መሐል ባለች ጠባብ መሬት ላይ በድብቅ የፖም ዘር ዘሩ። ከበቀሉት ውስጥ አራት አዳዲስ ዝርያዎችን ለይተው ከ“ካ ዜት 1” እስከ “ካ ዜት 4” ሲሉ ሰየሟቸው። “ካ ዜት” በጀርመንኛ የማጎሪያ ካምፕ ምሕጻረ ቃል ነው። ችግኞቹም በድብቅ ከካምፑ ወጡ።

በ1945 ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል እስረኞቹ በግዳጅ የእግር ጉዞ ከካምፑ ሲወሰዱ፣ አባ ኮርቢኒያን በመንገድ ላይ አምልጠው በገዳም ተሸሸጉ። ከዚያም ወደ አጥቢያቸው ሆኸንቤርሃ ተመልሰው በ1966 እስኪያርፉ ድረስ በክህነትና በፍራፍሬ ልማት አገለገሉ።

ከአራቱ ዝርያዎች እስከ ዛሬ ተባዝቶ የሚተከለው “ካ ዜት 3” ነው። ካህኑ በተወለዱ በ100ኛ ዓመት፣ በ1985፣ “የኮርቢኒያን ፖም” ተብሎ በስማቸው ተጠራ። ፍሬው ጠንካራ፣ ጣፋጭነትንና ኮምጣጣነትን ያጣመረ፣ ከተለቀመም በኋላ በቀዝቃዛ ቦታ ለወራት የሚቆይ ነው።

ይህ ዝርያ በዘር ብቻ ቢተው ኖሮ አይተርፍም ነበር። የፖም ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ሲዘራ የሚበቅለው ዛፍ እንደ እናቱ አይሆንም፤ የአበባ ብናኙ የመጣው ከሌላ ዛፍ ስለሆነ ጣዕሙም መጠኑም ይለወጣል። ዝርያውን እንዳለ ለማቆየት ከዛፉ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላ የፖም ግንድ ላይ ማዳቀል ያስፈልጋል። የተዳቀለው ዛፍ ሲያረጅም ሥራው እንደገና ይጀመራል። አንድ ትውልድ ቀንበጡን ሳይቆርጥ ያረጀው ዛፍ ከተነቀለ ዝርያው አብሮ ይጠፋል።

ሥዕሎቹ ዛሬ በሙኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ በ2012ም በካሰል ከተማ በተካሄደው ታላቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ ቀርበዋል። ሥዕሉና መዝገቡ ዝርያው ምን ይመስል እንደነበር ያሳውቃሉ እንጂ ፍሬ አይሰጡም። የኮርቢኒያን ፖም እስከ ዛሬ የደረሰው ቀንበጥ ቆርጠው ያዳቀሉና ለጎረቤት ያካፈሉ አምራቾች በመኖራቸው ነው።